መስኮት የሌለው ኮንቴይነር

ይሄን የተናገርኩት ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ድሬዳዋ ከዚራ ላይ ነው። አዳራሹ ሙቀት ነበር፣ ቬንትሌተሩም ይጮህ ስለነበር ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ግማሹን አልሰሙትም። «ጻፍልን» አሉኝ፣ ጻፍኩት። እዚያ በጥድፊያ ያለፍኩትን እዚህ ሰፋ አድርጌዋለሁ።

እንዴት ዋላችሁ? በዚህ ፀሐይ ከመጋላም ከሳቢያንም ተነስታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ወሬዬ ስለ ኮንቴይነር ነው። የኮምፒውተሩ ኮንቴይነር ማለቴ ነው። ግን ከብረቱ ልጀምር፣ ምክንያቱም ድሬ ላይ ብረቱን የማያውቅ የለም። ከጅቡቲ ሲመጣ እያየን ነው ያደግነው፣ ደረቅ ወደቡም እዚሁ ነው፣ ስንቱ ሱቅ ደግሞ የተከፈተው ኮንቴይነር ውስጥ ነው።

አንድ ጎረቤቴ ሱቅ ሊከፍት ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር አስመጣ። በመጀመሪያው ቀን አብሬው ገባሁ። በሩን መለስ ስናደርገው ድቅድቅ ጨለማ ሆነ፣ ሙቀቱም አያስቆምም። ጥሩ ዕቃ ነው፣ ዝናብ አያስገባም፣ አይጥ አይበሳውም፣ ሌባም በቀላሉ አይከፍተውም። ግን ሱቅ አይደለም። ደንበኛ በምን በኩል ያያል? በነጋታው በያጁ መጣ። ከደረት ከፍ ብሎ በጠመኔ አራት ማዕዘን አሰመረ፣ ለካ፣ አጠፋ፣ እንደገና አሰመረ። ከዚያ በግራይንደር ቆረጠው። የተቆረጠውን ላሜራ አልጣለውም። ከላይ በኩል በማጠፊያ መልሶ በየደው። ቀን ወደ ላይ ሲነሳ ለደንበኛው ጥላ ነው፣ ማታ ሲወርድ መዝጊያ ነው። በመጨረሻ ከጎረቤት የመብራት ገመድ ተሳበለት፣ ሱቅ ሆነ።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ። ዶከር ወይም ፖድማን በሚባሉት የኮንቴይነር ማስነሻዎች ውስጥ ያስነሳችሁት ፕሮግራም ዕቃው ሁሉ አብሮት አለ። ላይብረሪው፣ ቨርዥኑ፣ ሴቲንጉ፣ ሁሉም ታሽጎ ነው የመጣው። መስኮት ግን የለውም። ስክሪን የት እንዳለ አያውቅም። ኪቦርድና ማውዝ የሚባል ነገር አልደረሰውም። ዳታቤዝ ወይም ዌብ ሰርቨር ከሆነ ምንም አይቸግረውም፣ እነሱ ስክሪን አይፈልጉም፣ በፖርት በኩል ያወራሉ። ጂምፕን (የፎቶ ማስተካከያውን) ወይም ሊብረኦፊስን ወይም ኪው ጂአይኤስን (የካርታ መሥሪያውን) አስገብታችሁ ስታስነሱት ግን «ካንት ኦፕን ዲስፕሌይ»፣ ስክሪን መክፈት አልቻልኩም፣ ብሎ ወዲያው ይወድቃል። አልተበላሸም። መስኮት የሚቆርጥለት በያጅ ነው ያጣው።

እኔ እዚህ ነገር ውስጥ የገባሁት በሥራ ነው። አምና ለ18 ልጆች የካርታ ሥልጠና እሰጥ ነበር። የያዝነው ቦታ ደቻቱ ነበር። ስለ ደቻቱ ለእናንተ አላወራም፤ በ1998 ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ በእግራችን የምናቋርጠው ወንዝ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ዳርቻውን፣ መሻገሪያዎቹን፣ ጥጉ ላይ የተሠሩትን ቤቶች ራሳቸው ካርታ ላይ እንዲያወጡ ፈለግሁ። ለልጆቹ ነፃ ሶፍትዌር ስለሆነ ኪው ጂአይኤስን መረጥን።

ሥልጠናው አምስት ቀን ነበር። ሁለቱ ቀን ኢንስቶል በማድረግ አለቀ። አሥራ ሁለቱ ላፕቶፕ ዊንዶውስ ነው፣ ያውም አንዳንዱ 10 ሌላው 11። አምስቱ ኡቡንቱ ነው። አንዷ ልጅ ማክ ይዛ መጥታለች። አንዱ ጋ አዲስ ቨርዥን ወረደ፣ ሌላው ጋ ከፍላሽ የተገለበጠ አሮጌ ቨርዥን አለ፣ በአዲሱ የተቀመጠው ፕሮጀክት በአሮጌው ሲከፈት ይነጫነጫል፣ ቀለሙ ይቀየራል፣ አንድ ፕለጊን የለም ይላል። ደክመው ሳይጀምሩ የተሰላቹትን ልጆች ፊት አልረሳውም። ሁለተኛው ሥልጠና ላይ ይሄ አይደገምም አልኩ። አንድ ኢሜጅ (ኮንቴይነሩ የሚነሳበት የታሸገ ጥቅል)፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ በፍላሽ የሚሰጥ። እሱን ለማድረግ ስነሳ ነው የመስኮቱ ጥያቄ የመጣው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ፣ ምክንያቱም የኋላው ግርታ ሁሉ ከዚህ ይመጣል። ኮንቴይነር ትንሽ ኮምፒውተር አይደለም። የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ላይ የሚሠራ ተራ ፕሮግራም ነው፣ ከርነሉ ግድግዳ ያቆመለት። ግድግዳውን የሚሠራው ኔምስፔስ የሚባለው ነው፣ ራሽኑን የሚቆጥርለት ሲግሩፕ ነው፣ እሱም እ.ኤ.አ. በ2008 ከርነሉ ውስጥ ገባ። ዶከር እ.ኤ.አ. በ2013 ሲመጣ እነዚህን ነው ለሰው በሚመች መልክ ያሰናዳቸው። እንግዲህ የሊኑክስ ኮንቴይነር የሊኑክስ ከርነል ይፈልጋል ማለት ነው። ታዲያ ዊንዶውስና ማክ ላይ እንዴት ይሠራል? ከታች ድምፁን አጥፍቶ የሚሠራ አንድ ሙሉ ሊኑክስ፣ ቨርቹዋል ማሽን፣ አለ። ስለዚህ ኡቡንቱ ላይ መስኮቱ የሚቆረጠው በአንድ ግድግዳ ነው። ዊንዶውስና ማክ ላይ ሁለት ግድግዳ አለ። አንዱ የኮንቴይነሩ፣ ሌላው የቨርቹዋል ማሽኑ። ሊኑክስ ላይ በሁለት መስመር ያለቀ ነገር ማክ ላይ ለምን ግማሽ ቀን እንደሚፈጅ ገባችሁ?

ከሊኑክስ እንጀምር።

ሊኑክስ ላይ መስኮት ለረጅም ዘመን የሳለው ኤክስ የሚባለው ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ኤምአይቲ ውስጥ ተጀመረ፣ ኤክስ 11 የምንለው በ1987 ወጣ። ብዙዎቻችሁ ከመወለዳችሁ በፊት ማለት ነው። በዚያ ዘመን ትልቁ ኮምፒውተር አንድ ክፍል ነው፣ ስክሪኑ ሌላ ክፍል። ስለዚህ ሲሠሩት ከመጀመሪያው ፕሮግራሙና ስክሪኑ በኔትወርክ እንዲነጋገሩ አድርገው ሠሩት። ሰው ሁሉ የሚምታታበት እዚህ ጋ ነው፤ በኤክስ ሰርቨሩ ስክሪኑ ያለበት ነው። ያንተ ላፕቶፕ ሰርቨር ነው። ፕሮግራሙ ደንበኛ ነው። ደንበኛው «እዚህ ጋ መስመር አስምርልኝ፣ እዚያ ጋ ጽሑፍ ጻፍልኝ» ይላል፣ ሰርቨሩ ይሥላል። ሱቁን አስቡት። ጠያቂው ከውጭ ነው፣ ዕቃው ያለው ከውስጥ ነው፣ በመስኮቷ በኩል ይነጋገራሉ።

ታዲያ ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው ደንበኛ ሦስት ነገር ይፈልጋል። አድራሻ፣ በር፣ ቁልፍ። አድራሻው ዲስፕሌይ በሚባለው ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ፕሮግራሙ ሲነሳ በሚነገረው ሴቲንግ) ይሰጠዋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነጥብና ዜሮ ነው። በሩ ቴምፕ ፎልደር ውስጥ ያለች ሶኬት፣ ፕሮግራሞች የሚነጋገሩባት ፋይል፣ ናት፣ እሷን ኮንቴይነሩ ውስጥ ማውንት ታደርጋላችሁ፣ ማለትም ከውስጥ እንድትታይ ታገናኟታላችሁ። እነዚህን ሁለቱን ሁሉም ሰው ያደርጋል። ቁልፉ ላይ ነው ጉዱ።

ቁልፍ ሳትሰጡት ስትቀሩ ሰርቨሩ «አልፈቅድም» ይላል። ያኔ ሰው ጉግል ያደርጋል፣ የሚያገኘውም መልስ አንድ ነው፦ «ኤክስሆስት ፕላስ በል»፣ ማለትም ሰርቨሩን ለሁሉ ክፈተው። ይላል፣ ይሠራል፣ ደስ ይለዋል፣ ይረሳዋል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ለምን እንደምለምናችሁ ላሳያችሁ።

እዚህ ላፕቶፔ ላይ ኤክስ 11 ነው ያለው። ኤክስሆስት ፕላስ አልኩ። አሁን አንድ ኮንቴይነር አስነሳሁ፣ ውስጡ ኤክስኢንፑት የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች፣ ኪቦርዱን እንድታዳምጥ አዘዝኳት። አሁን ኮንቴይነሩን ትቼ ሌላ መስኮት፣ ተራ የጽሑፍ መጻፊያ፣ ከፈትኩ። «ኤ»ን ልጫን። እዩት እዚያ ጥጉ ላይ፦ «ኪይ ፕሬስ 38»፣ «ኪይ ሪሊዝ 38»። ሌላ ልጫን፣ ሌላ ቁጥር። መጻፊያው የኮንቴይነሩ አይደለም፣ እኔ ራሴ ከውጭ የከፈትኩት ነው፣ ግን እያንዳንዷን ፊደል ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው እየቆጠረ ነው። ይሄ የኢሜይል ፓስዎርዴ ቢሆንስ? የባንክ አፕ ቢሆንስ? ኤክስ 11 ሲሠራ ፕሮግራሞች እርስ በርስ ይተማመናሉ ተብሎ ነው። አንዱ የሌላውን ስክሪን ማንሳትም ይችላል። ኤክስሆስት ፕላስ ደግሞ የገባውንም የወጣውንም ማን እንደሆነ መጠየቅ ይተዋል።

(አዳራሹ ውስጥ ዝም ያለው እዚህ ጋ ነበር። ቬንትሌተሩ ብቻ ነው የሚሰማው።)

የሚሻለው ቀላል ነው። ኤክስሆስትን ለሁሉ ከመክፈት ለራሳችሁ ዩዘር ብቻ ክፈቱት፣ «ሎካልዩዘር» የሚለው አጻጻፍ አለ፣ ኮንቴይነሩንም በዚያው ዩዘር ቁጥር አስነሱት። ወይም ኤክስኦዝ የሚያስቀምጠውን የቁልፍ ፋይል ስጡት። እሱ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ቁልፉ ከኮምፒውተሩ ስም ጋር ተያይዞ ነው የሚጻፈው፣ ኮንቴይነሩ ደግሞ የራሱ ሌላ ስም አለው፣ ስለዚህ ቁልፉ በእጁ እያለ «የኔ አይደለም» ብሎ ያልፈዋል። ሁለት ማታ የበላኝ ይሄ ነው። የኮንቴይነሩን ሆስትኔም ከላፕቶፑ ጋር አንድ ብታደርጉት ይፈታል። እንዲህም ሆኖ አስታውሱ፣ ቁልፍ የተሰጠው ፕሮግራም ከገባ በኋላ ያው ሁሉንም ማየት ይችላል። የምታምኑትን ኢሜጅ ብቻ አስገቡ።

ኤክስን የሚተካው ዌይላንድ የመጣው በዚህ ምክንያትም ጭምር ነው። ክርስቲያን ሆግስበርግ እ.ኤ.አ. በ2008 ጀመረው፣ ፌዶራ ከ2016 ጀምሮ፣ ኡቡንቱም ቆየት ብሎ ዋናው አድርገውታል። ዌይላንድ ላይ አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ኪቦርድ አይሰማም፣ የሌላውን መስኮትም አያይም። ሶኬቷ ደግሞ የዩዘሩ የራሱ ፎልደር ውስጥ ነው ያለችው፣ እሷን ብቻ ታስገባላችሁ፣ የዩዘር ቁጥሩ ከውጭና ከውስጥ አንድ መሆን አለበት፣ አለቀ። ሊኑክስ ላይ ለራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ የኔ ምርጫ ይሄ ነው። ፕሮግራሙ ዌይላንድ የማያውቅ አሮጌ ከሆነ ኤክስዌይላንድ በመሀል ገብቶ ያስተረጉምለታል።

መስኮቱ ተከፍቶ ባዶ ነጭ ወይም ጥቁር ሆኖ ከቀረ፣ የጋራ ሚሞሪ ነው። ፕሮግራሙ «ስክሪኑ እዚሁ ማሽን ላይ ነው» ብሎ ሥዕሉን በጋራ ሚሞሪ ሊያቀብል ይሞክራል፣ ግድግዳው ይከለክለዋል። ኪውቲ በሚባለው የመስኮት መሥሪያ ለተሠሩ ፕሮግራሞች ይሄን ዘዴ ተወው የሚል ቫሪያብል አለ፣ እሱን ስጡት። ብራውዘር ከሆነና ታቦቹ እየወደቁ ካስቸገሩ ደግሞ ዶከር የሚሰጠው የጋራ ሚሞሪ 64 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ነው፣ ከፍ አድርጉት።

ወደ ዊንዶውስ እንሂድ፣ አብዛኛው ሰው ያለው እዚያ ነው።

ድሮ ዊንዶውስ ላይ ቪሲኤክስሰርቭ የሚባል የኤክስ ሰርቨር ጭነን፣ ፋየርዎል ከፍተን፣ አይፒ ፈልገን ነበር የምንሠራው። አሁን ያ ጣጣ ቀርቷል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2021 ደብሊው ኤስ ኤል ጂ የሚባለውን አወጣ፣ ደብሊው ኤስ ኤል ለሚባለው፣ ዊንዶውስ ውስጥ ለሚሠራው ሊኑክስ መስኮት የሚሰጥ ነው። የሚሠራበት መንገድ ደስ ይለኛል። ከታች ባለው ሊኑክስ ውስጥ ዌስተን የሚባል የዌይላንድ ሥርዓት አለ፣ መስኮቱን እሱ ይቀበላል፣ ከዚያ በአርዲፒ ወደ ዊንዶውስ ያቀብላል። አርዲፒ ማለት ከሩቅ ሌላ ኮምፒውተር ለመግባት የምንጠቀምበት ያው ነው። ስለዚህ ኪው ጂአይኤስ እንደማንኛውም ፕሮግራም ታስክባር ላይ ቁጭ ይላል፣ ኮፒ ፔስት ይሠራል። ኮንቴይነሩ ደግሞ የዚያን ሊኑክስ ሶኬት ማውንት ካደረጋችሁለት የሁለተኛው ግድግዳ መስኮት አስቀድሞ ተቆርጦ ይጠብቀዋል። መጀመሪያ ዊንዶውስ 11 ላይ ብቻ ነበር፣ አሁን የታደሰ ዊንዶውስ 10 ላይም ይሄዳል።

እዚህ ከተማ ላይ የሚያጋጥመው ችግር ሌላ ነው። ብዙዎቻችን ያገለገለ ላፕቶፕ ነው የምንገዛው። ባዮሱ ውስጥ ቨርቹዋላይዜሽን ተዘግቶ ይመጣል፣ እሱ ካልተከፈተ ምንም አይነሳም። ሁለተኛ ራም ነው። ደብሊው ኤስ ኤል ካልገደባችሁት የላፕቶፑን ራም እስከ ግማሽ ድረስ ይወስዳል። 4 ጊጋ ላለው ላፕቶፕ ይሄ ከባድ ነው፣ ዊንዶውሱ ራሱ ትንፋሽ ያጥረዋል። ዩዘር ፎልደራችሁ ውስጥ አንዲት የሴቲንግ ፋይል ጽፋችሁ ልኩን መወሰን ትችላላችሁ። 4 ጊጋ ላይ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኪው ጂአይኤስን በቀጥታ ዊንዶውሱ ላይ ጫኑት። ኮንቴይነር ለዚያ ላፕቶፕ ሸክም ነው።

ማክ ላይ ከሁሉም ይከብዳል። አፕል ኤክስ 11ን ከሲስተሙ ካወጣው ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ኤክስኳርትዝ የሚባለውን ለብቻው መጫን አለባችሁ። ሴኩሪቲ የሚለው ገጽ ላይ ከኔትወርክ ደንበኛ እንዲቀበል ፈቅዳችሁ፣ ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁ መክፈት አለባችሁ፣ ያንን የረሳ ሰው ቀኑን ሙሉ ይደክማል። ኮንቴይነሩ የላፕቶፑን ስክሪን በሶኬት አያገኘውም፣ ሆስት ዶት ዶከር ዶት ኢንተርናል በሚለው አድራሻ በኔትወርክ ዞሮ ነው የሚመጣው። የኤም ዋን ቺፕና ከዚያ ወዲህ ያሉት ማኮች ላይ ደግሞ ኢሜጁ ለአርም የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ። ለኢንቴል የተሠራው በማስመሰል ይነሳል፣ ግን ይጎተታል። 3ዲ ያለበት ሥራ በዚህ መንገድ አይሞከርም ማለት ይቻላል። የማኳ ልጅ ታግሳ ሞክራዋለች፣ ካርታውን ጎተት ስታደርገው ምስሉ እየተቆራረጠ ነበር የሚከተላት።

ታዲያ 18 የተለያየ ላፕቶፕ ላለው ክፍል ምን ይሻላል? እኔ የመረጥኩት ሌላ ነው። ስክሪኑን ራሱን ኮንቴይነሩ ውስጥ አስገባሁት።

ኤክስቪኤፍቢ የሚባል የኤክስ ሰርቨር አለ፣ ስክሪን የለውም፣ ሚሞሪ ላይ ብቻ ይሥላል። ኪው ጂአይኤስ እሱ ላይ መስኮቱን ይከፍታል። ያንን ሥዕል ቪኤንሲ፣ ስክሪንን ከሩቅ የሚያሳየው ፕሮግራም፣ ያየዋል፣ ኖቪኤንሲ ደግሞ ወደ ብራውዘር ያመጣዋል። ተማሪው ክሮም ወይም ፋየርፎክስ ከፍቶ አድራሻውን ሲጽፍ ሙሉው ኪው ጂአይኤስ ታብ ውስጥ ይነሳል። ዊንዶውስም ሆነ ማክ ወይም ኡቡንቱ ልዩነት የለውም፣ ሁሉም ብራውዘር አለው። ትንሽ ይዘገያል፣ ድምፅም በቀላሉ አይመጣም፣ ቪዲዮ ለማቀናበር አይሆንም። ለካርታ ግን ይበቃል።

አቦ፣ እዚህ ጋ በደንብ ስሙኝ። ዶከር ፖርት ስትከፍቱ ካልነገራችሁት በስተቀር ለመላው ኔትወርክ ነው የሚከፍተው። የኖቪኤንሲን ፖርት፣ 6080ን፣ ዝም ብላችሁ ከፍታችሁ ካፌ ዋይፋይ ላይ ብትቀመጡ ጎን ያለው ሰው መስኮታችሁ ውስጥ ይገባል፣ ማውዛችሁን ይይዛል። ኡቡንቱ ላይ ፋየርዎሌ ዝግ ነው ብላችሁም አትተማመኑ፣ ዶከር በዩኤፍደብሊው፣ በዚያው በኡቡንቱ ፋየርዎል፣ ጎን አልፎ ነው የሚከፍተው። ከፖርቱ በፊት 127.0.0.1 ብላችሁ ጻፉ፣ ያኔ ከራሳችሁ ላፕቶፕ በስተቀር ማንም አያየውም። ፓስዎርድም ስጡት፣ ግን የተለመደው የቪኤንሲ ፓስዎርድ ከ8 ፊደል በኋላ ያለውን አይቆጥረውም፣ ስለዚህ እሱ ብቻውን ጥበቃ አይደለም። በያጁ ላሜራውን ለምን በማጠፊያ መልሶ እንደሰቀለው አስቡ።

አሁን ከሁሉም በላይ ልነግራችሁ የፈለግሁት ላይ ደርሻለሁ። ስለዚህኛው አማርኛ ጽሑፍ አግኝቼ አላውቅም፣ በእንግሊዝኛ የሚጽፉትም አያነሱትም፣ አይደርስባቸውማ።

መስኮቱ ተከፈተ። ካርታው መጣ። ደስ አለኝ። የወንዙን ስም ስፈልግ ግን ወንዙ ላይ ሦስት ሳጥን ተደርድሯል። ባዶ ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን። ደ፣ ቻ፣ ቱ። ከዚራም፣ ሳቢያንም፣ ለገሃሬም ሁሉም ሳጥን ሆነዋል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ ቁጥሩ አለ፣ ዳታው አልተበላሸም። የጠፋው ፎንቱ ነው። ኢሜጅ የሚሠሩ ሰዎች እንዲቀል ብለው የማይፈልጉትን ሁሉ ያራግፋሉ፣ የሚራገፈው ደግሞ መጀመሪያ የኛ ነው። ላፕቶፓችሁ ላይ አማርኛ ፎንት መኖሩ አይረዳም፣ ኮንቴይነሩ ያንን አያየውም።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው። ኢሜጁን ስትሠሩ ኖቶ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን አብራችሁ ጫኑ። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ሁለቱም አሉ። ከዚያ ኤፍሲ ሊስት በሚለው ትዕዛዝ አማርኛን የሚችል ፎንት መኖሩን ጠይቁት፣ ካለ ስሙን ይነግራችኋል፣ ከሌለ ባዶ ይመልሳል። ፎንቱ ራሱ ከባድ አይደለም። አደራ የምላችሁ ለሰው የምትሰጡትን ኢሜጅ ሁሉ ይሄን ሳትጨምሩ አትስጡ። ልጅ የሰፈሩን ስም በሳጥን እያየ ሥራው የሱ እንደሆነ አይሰማውም።

ሎካሉም፣ የቋንቋ ሴቲንጉ፣ አለ። ኮንቴይነር ብዙ ጊዜ ቋንቋ ሳይነገረው ነው የሚነሳው፣ ያኔ «ድልድዮች» ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ፋይል በጥያቄ ምልክት ተሞልቶ ይታያል። ላንግ የሚለውን ቫሪያብል ሲ ዶት ዩቲኤፍ 8 አድርጉት፣ ይስተካከላል። መተየቡ ትንሽ ያስቸግራል። በኤክስ መንገድ ከሆነ ኪቦርዱ የሰርቨሩ ስለሆነ በሲስተሙ ላይ የተመረጠው ተራ የአማርኛ ኪቦርድ ያልፋል። በአይባስ በኩል የምትጽፉ ከሆነ ግን ፊደሉን የሚያቀናጀው ሌላ ፕሮግራም ስለሆነ ኮንቴይነሩ እሱን አያገኘውም። እኔ ስሞቹን ውጭ ጽፌ ፋይሉን አስገባዋለሁ። ለሥልጠናው ይሄ በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ፋይል ስል፣ ሥራችሁን ኮንቴይነሩ ውስጥ አታስቀምጡ። ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ከላፕቶፑ አንድ ፎልደር ማውንት አድርጉና እዚያ አስቀምጡ። በራሳችሁ የዩዘር ቁጥር አስነሱት፣ አለበለዚያ ኡቡንቱ ላይ ፋይሉ የሩት (የሲስተሙ አለቃ) ሆኖ ይቀመጥና የራሳችሁን ካርታ ማጥፋትም ማስተካከልም ያቅታችኋል።

ስለ ዳታ ደግሞ። የኛ ኢሜጅ ከ1 ጊጋ ይበልጣል። 18 ልጅ በየስልኩ ዳታ ያውርድ ማለት አይታሰብም። አንድ ሰው ያወርዳል። ከዚያ «ዶከር ሴቭ» ብሎ ወደ አንድ ፋይል ይቀይረዋል፣ በጂዚፕ ያጨምቀዋል፣ ፍላሽ ላይ ይገለብጠዋል። ሌላው «ዶከር ሎድ» ይላል። ኢንተርኔት አያስፈልግም። ሁለተኛው ሥልጠና ላይ ሦስት ፍላሽ አዘጋጅቼ ነበር፣ ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ ከሻይ ሰዓት በፊት ሁሉም ጋ ደረሱ። ዶከሩን ራሱን ግን ቀድመው ጭነው እንዲመጡ ማድረግ አለባችሁ፣ እሱ በፍላሽ ብቻ አይፈታም፣ በተለይ ዊንዶውስ ላይ።

ሊኑክስ ያላችሁና አንድ ፕሮግራም ለራሳችሁ ብቻ የምትፈልጉ፣ ይሄን ሁሉ አትድከሙ። ፍላትፓክ አለ፣ ከመጀመሪያውም መስኮት ላላቸው ፕሮግራሞች የተሠራ ኮንቴይነር ነው። ዲስትሮቦክስም አለ፣ ፖድማን ላይ ወይም ዶከር ላይ ሆኖ ይሄን የመስኮት ሥራ ሁሉ ራሱ ይጨርስላችኋል። ዲስትሮቦክስ ግን ሆም ፎልደራችሁን ሁሉ ለኮንቴይነሩ ይከፍታል፣ ለምቾት እንጂ ለጥበቃ አይደለም።

ጥያቄ ብዙ ነበር። አንዱ ወንድማችን ስለ ፕሪንተር ጠየቀ። ከኮንቴይነሩ በቀጥታ ለማተም አትታገሉ፣ ካርታውን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ማውንት በተደረገው ፎልደር አውጡ፣ ከላፕቶፑ አትሙት። ሌላዋ ስለ ግራፊክስ ካርድ ጠየቀች። ሊኑክስ ላይ ዴቭ ውስጥ ያለውን ዲአርአይ የሚባለውን ለኮንቴይነሩ ከሰጣችሁት ይጠቀምበታል፣ ለኢንቴልና ለኤኤምዲ ብዙም አያስቸግርም፣ ለኤንቪዲያ ተጨማሪ ዕቃ መጫን አለ።

የመጨረሻውን ጥያቄ የጠየቀው ከፊት የተቀመጠ ልጅ ነው። «ላፕቶፕ የለኝም፣ ስልኬ ላይ ይከፈታል?» አለኝ። እንሞክረው አልኩት። የራሴን ሆትስፖት ከፈትኩ፣ ስልኩን ብቻ አስገባሁት፣ 127.0.0.1 የሚለውን ለዚያች ደቂቃ አነሳሁት፣ ፓስዎርዱን ሹክ አልኩት። ብራውዘሩ ላይ አድራሻውን ጻፈ። ትንሽ ዞረ፣ ዞረ፣ ከዚያ ኪው ጂአይኤስ ያቺን ትንሽ ስክሪን ሞላት። በሁለት ጣቱ ሰፋ አደረገው፣ ሰማያዊውን መስመር ተከትሎ ወደ ታች ወረደ፣ ጽሑፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ደቻቱ» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበልን። ጎኑ ያሉት ልጆች ስልኩ ላይ ተጠጋጉ። አንዷ «ቤታችን ወደ ታች ነው፣ ሳበው፣ ሳበው» አለችው።